በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የለጠፍነው ጀሶ

በሥራዬ ብዙ የወደቁ ሕንፃዎች አይቻለሁ። ሲወድቅ ያየሁት ግን አንድም የለም። ዘጋቢ የሚደርሰው አቧራው ከረጋ በኋላ ነው። ፖሊስ ገመድ ዘርግቶ፣ ቆፋሪ ማሽኑ ቆሞ፣ ዘመድ አስፋልቱ ዳር ተቀምጦ እያለቀሰ ያገኘዋል። ጎረቤት እጠይቃለሁ፤ ባለሙያ እጠይቃለሁ፤ የሞቱትን ቁጥር ከሁለት ቦታ አረጋግጬ እጽፋለሁ። ከጎረቤቶቹ አንዱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ይለኛል፤ «ተሰንጥቆ ነበር እኮ። አይተነው ነበር።» ይህን ቃል ደጋግሜ ከጻፍኩት በኋላ፣ ሰዎቹ ያዩት ነገር ምን እንደሆነ እኔ ራሴ እንደማላውቅ ገባኝ። ስንጥቅ የሌለበት ቤት የት አለ?

ስለዚህ ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ወስጄ አንድ ሴሚስተር አዲስ አበባ ውስጥ ሥነ ሕንፃ ለመማር ኮሌጅ ገባሁ። ዲግሪ ፍለጋ አልነበረም። ኮሌጁ ክፍል ገብቼ እንድከታተል ፈቀደልኝ፤ እኔም በምላሹ እንደማንኛውም ተማሪ ሥራዬን ሠርቼ ላስረክብ ተስማማሁ። የካቲት ላይ ጀመርን፤ የሚያበቃው ሰኔ ላይ ነበር።

የክፍል ጓደኞቼ ልጆቼ ለመሆን የሚደርሱ ነበሩ። መጀመሪያ የገባሁ ዕለት መምህር መስያቸው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ተማሪ መሆኔን ሲያውቁ «ማዘር» አሉኝ፤ በዚያው ማዘር ሆኜ ቀረሁ። ካርቶን በምላጭ መቁረጥ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ጣቴን ቆርጬ የሠራሁት ሞዴል ላይ ደም ሲንጠባጠብ፣ አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ቀና ብሎ አየና፣ «ማዘር፣ ለቤት መሠረት ደም ማፍሰስ እኮ ድሮ ቀረ» አለኝ። የምንሠራበት ስቱዲዮ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከተማ ውስጥ የምፈራው ነገር አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንም።

ፍርሃቱ የመጣው ከአንድ ትምህርት በኋላ ነው። መምህራችን ከእኔ በዕድሜ ያነሰ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። አንድ ጠዋት ከክፍል አውጥቶ ወደ ራሳችን ሕንፃ ደረጃ ወሰደን። ደረጃው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አሳየን። በየቀኑ ስንወጣና ስንወርድበት ማንም አላየውም ነበር። ስንጥቁን አቋርጦ አንድ ቦታ ላይ ነጭ ጀሶ ተለጥፎበታል።

«ስንጥቅ ሁለት ዓይነት ነው» አለን። «ያረፈ አለ፤ የሚሄድ አለ። በዓይን አይለይም። ስለዚህ ቀጠን አድርጋችሁ ጀሶ ትለጥፉበታላችሁ። ጀሶ አይለጠጥም። ግድግዳው ከሄደ ጀሶው ይሰነጠቃል። ካረፈ እንዳለ ይቆያል።»

«ከተሰነጠቀስ?» አለች አንዷ።

«ከሥሩ አትቁሙ።»

ልጆቹ ይህን ለፈተና ጻፉት። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማው ውስጥ በሰላም መሄድ አቃተኝ። በተከራየሁት ክፍል ጣሪያ ላይ ከመብራቱ ተነሥቶ ወደ በሩ የሚሄድ መስመር እንዳለ አየሁ። ምሳ የምበላበት ቤት በረንዳ ከሥሩ ሁለት የብረት ድጋፍ ተደርጎለት ነበር፤ ከዚያ በፊት ድጋፉን ጌጥ መስሎኝ እደገፈው ነበር። አዲስ በሚሠሩ ፎቆች ሥር ስሄድ ከእግረኛ መንገዱ ወርጄ በመኪናው መንገድ ዳር ማለፍ ጀመርኩ። ሚኒባሶቹ ክላክስ ያደርጉብኛል። ጦርነት ያለበት ቦታ ሄጄ ዘግቤያለሁ፤ እዚያ የምፈራው ነገር ድምፅ አለው። ግድግዳ ግን ምንም አይልም። ዝም ብሎ ይሄዳል።

ለፋሲካ ዕረፍት ስንበተን መምህሩ ሥራ ሰጠን። እያንዳንዳችን ወደየትውልድ ቦታችን ሄደን አንድ አሮጌ ሕንፃ በእጃችን ለክተን እንድንስል ነበር። ብዙዎቹ የአያታቸውን ቤት መረጡ። እኔ ክርስትና የተነሣሁበትን ደብር መረጥኩ። ታች ጋይንት ውስጥ፣ ከአርብ ገበያ ወደ ቆላው አቅጣጫ በእግር የሚኬድበት ቦታ ነው። ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ። የሣር ክዳኑ ተነሥቶ ቆርቆሮ የለበሰው እኔ ልጅ ሳለሁ ነው።

በዚያ ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን፣ ከዚያ በሚኒባስ በንፋስ መውጫ በኩል አርብ ገበያ ደረስኩ። ሾፌሩ በየከተማው መውጫ ከፊቱ ለሚመጣው መኪና መብራት እያበራ ያስቆምና በመስኮት «እንዴት ነው?» ይላል። «ሰላም ነው» ከተባለ እንቀጥላለን። አንድ ቦታ ላይ መልስ የሰጠው ሾፌር ትከሻውን ብቻ ነቀነቀ። የእኛ ሾፌር መሪውን ይዞ ትንሽ አሰበና ቀጠለ። ማንም ለምን አላለውም። ከአርብ ገበያ ወዲያ ከገበያ ከሚመለሱ ሰዎች ጋር በእግሬ ሄድኩ።

አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ የደብሩ ቄስ ነው። ገብስና ባቄላ ያርሳል፤ ሰንበትና በዓል ይቀድሳል። ሜትሩን ከአንድ ወገን እሱ ይዞልኝ፣ እኔ ከሌላው ወገን ይዤ የቤተ ክርስቲያኑን ዙሪያ ለካን። ለበዓል ዐጸዱን የሚጠርጉ ሴቶች መጥረጊያቸውን ተደግፈው ያዩን ነበር። አንዷ፣ «ልትሸጪው ነው እንዴ እቴ?» አለች። ሌላዋ ተቀብላ፣ «ገዢው ከእግዜር ጋር ይዋዋላ!» አለች። አጎቴ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ።

ወደ ውስጥ ስንገባ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ክብ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ክፍል ነው። ውጪኛው ማኅሌት የሚቆምበት፣ ቀጥሎ ምእመን የሚቆርብበት ቅድስት፣ መካከል ላይ ደግሞ ታቦቱ ያለበት አራት ማእዘን መቅደስ። የመቅደሱ ግድግዳ ከሌላው ከፍ ብሎ የጣሪያውን መካከልና ጉልላቱን ይሸከማል። የቤቱ ክብደት መጨረሻው እሱ ላይ ነው። በቅድስቱ በኩል ሆኜ በባትሪ ስመለከት፣ በሰሜን ምሥራቁ ማእዘን ከወለሉ የተነሣ ስንጥቅ ከቁመቴ በላይ ሄዶ በጨርቅ ላይ ከተሣለው ሥዕል ሥር ይገባል። የግድግዳ ቀጥታ የሚለካበትን ቱንቢ አወረድኩ። ግድግዳው ወደ ውስጥ፣ ወደ መቅደሱ አዘንብሏል።

ወደ መቅደስ የሚገቡት ካህናትና ዲያቆናት ብቻ ናቸው። እኔ ከመጋረጃው ማለፍ አልችልም። በሥራዬ አንድ ወገን ብቻ ሰምቼ ጽፌ አላውቅም። ይህ ግድግዳ ሁለት ወገን አለው፤ ያየሁት አንዱን ነው። አጎቴን ገብቶ እንዲያይልኝ ለመንኩት። ገብቶ ቆየና ተመለሰ።

«አለ» አለኝ።

«ከዚህኛው ይሰፋል?»

«እንጃ ልጄ። ጨለማ ነው። በዚያም በኩል ሥዕል ተሰቅሎበታል።»

ከከተማ ትንሽ ጀሶ ይዤ ነበር። ለአለቃው፣ የደብሩ አስተዳዳሪ ለሆኑት ሽማግሌ፣ ምን እንደምንሠራ ነገርናቸው። መቅደስ ውስጥ የማይታወቅ ነገር ስለማስገባት ጥቂት አሰቡና «ጀሶም ያው አፈር ነው» ብለው ፈቀዱ። አጎቴን በቅጽሩ ድንጋይ ላይ አለማመድኩት፤ ሁለት ጣት ያህል ስፋት፣ እንደ ቂጣ ሳይሆን እንደ ቅብ የቀጠነ። የቅድስቱን በኩል እኔ ለጠፍኩ፤ የመቅደሱን በኩል እሱ ገብቶ ለጠፈ። የተረፈውን ጀሶ በላስቲክ አስረን ዕቃ ቤት አስቀመጥነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጀሶውን አይቶ፣ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጥቶ ሊደውልልኝ ተስማማን። የሚለኝ ከሁለት አንዱን ነው፤ ሙሉ ነው፣ ወይም ተሰንጥቋል።

ከተማ ተመልሼ ሥዕሉን ስሠራ የመቅደሱን ውስጥ ባዶ ተውኩት። አጠገቤ ያለው ልጅ፣ «ማዘር፣ የውጪውን ገልብጠሽ ድገሚው፤ ማን ገብቶ ያይብሻል?» አለኝ። መምህሩ ባዶው ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ አላየሁትም አልኩት። እርሳሱን አንሥቶ በባዶው ላይ «አልታየም» ብሎ ጻፈና አለፈ። ከዚያ የስንጥቁን ፎቶግራፍ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተ። ስለ ውጤቴ ምንም ሳይናገር፣ «ይህ ቤት መቼ ነው ሰው የሚበዛበት?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሰው የሚበዛበት በሰኔ ነው። የደብሩ ዓመታዊ ንግሥ ሰኔ ላይ ይውላል። ከየቀበሌው፣ ከጎረቤቱ ወረዳ ከስማዳ ሳይቀር ሰው ይመጣል። ዝናቡ የሚጀምረውም በዚያው ነው፤ ሲዘንብ ደግሞ ከዐጸዱ ያለው ሁሉ ይገባል፤ ትከሻ ለትከሻ ይቆማል፤ ከበሮው ይመታል፤ ካህናቱ መሬቱን እየረገጡ ይወርባሉ። እኔ ይህን የማውቀው በዚያ መካከል ቆሜ ስላደግሁ ነው።

እሑድን መፍራት የጀመርኩት ያኔ ነው። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እጠብቃለሁ። አንዴ እንደጮኸ አነሣዋለሁ።

«ሙሉ ነው ልጄ።»

«አንድም መስመር የለውም አባ? ቀረብ ብለው አዩት?»

«ባትሪ አብርቼ ነው ያየሁት። እንዳለ ነው። እንዲያውም አምሮበታል።»

ኔትወርክ የሚጠፋበት እሑድ ነበር። ያን ጊዜ ስቱዲዮ ገብቼ ማታ እስኪዘጋ እሠራለሁ፤ የሠራሁት ግን አይታወቀኝም። አንድ ጊዜ ተከታትሎ ለሁለት እሑድ ድምፁ ጠፋብኝ። መንገድ ተዘግቶ እንደሆነ፣ ግድግዳው ወድቆ እንደሆነ፣ አጎቴ ታሞ እንደሆነ የምለይበት መንገድ አልነበረኝም። በሦስተኛው ደወለ፤ ሙሉ ነው አለ። ሴሚስተሩ ወደ ማለቂያው ሲቀርብ ፍርሃቴ እየቀነሰ ነበር። መረጃው በእጄ ነው፤ ግድግዳው አርፏል። ይህን ለመምህሩ ነገርኩት። «ጥሩ ነው» አለ። ከዚያ፣ «ራስሽ አይተሽዋል?» አለ።

አላየሁትም። የመጨረሻው ግምገማ ሳምንት ሲቀረው ተነሥቼ ሄድኩ።

ለንግሡ ሁለት ቀን ሲቀር ደረስኩ። ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ወንዶች በዐጸዱ ውስጥ ዳስ ይተክላሉ፤ ሴቶች ውኃ ይቀዳሉ። ጫማዬን አውልቄ ቅድስት ገባሁና ባትሪ አበራሁ። የለጠፍኩት ጀሶ ነጭ ነው፤ ሙሉ ነው፤ አንድም መስመር የለውም። ግን የእኔ አይደለም። እኔ ሁለት ጣት ያህል ነበር የቀባሁት። አሁን የእጅ መዳፍ ያህል ሰፍቷል፤ ወፍሯል፤ ጠርዙ ላይ የሰው ጣት ተጎትቶበታል። ጣቴን ባሳርፍበት አልገጠመም። የእኔ ጣት ቀጭን ነው።

ቄሰ ገበዙ በሌላው ጥግ ምንጣፍ ያራግፉ ነበር። የደብሩ ንብረት ጠባቂ ናቸው፤ የቁልፉ፣ የመጻሕፍቱ፣ የመጋረጃው ኃላፊ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ይህን ቤት ሲጠርጉና ሲያበጁ የኖሩ ሰው ናቸው። ጀሶውን ማን እንደነካው ጠየቅኋቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ፤ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ቀና ብለው። «ሥራሽ ጥሩ ነበር፤ ግን አሳሳሽው። ስንጥቅ ስንጥቅ እያለ አስቸገረኝ። በተሰነጠቀ ቁጥር ከዕቃ ቤቱ እያመጣሁ እደፍነዋለሁ። ለንግሥ ነውር ሆኖ እንዳይታይ።»

«የውስጡስ?» አልኩ።

«የውስጡማ ይብሳል። እሱን ቶሎ ቶሎ ነው የማበጀው። ጀሶሽ እንዲያውም አልቋል፤ ሌላ ይዘሽ መጣሽ?»

ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አጎቴ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ቄሰ ገበዙ ያሉትን ስነግረው ፊቱ ላይ ያየሁትን እስከ አሁን አልረሳሁትም። በየሳምንቱ ያ ግድግዳ ሥር ቆሞ በባትሪ ያየው እሱ ነው። የጀሶውን ምክንያት የነገርኩት ለእሱና ለአለቃው ብቻ ነበር፤ ለቄሰ ገበዙ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ለእሳቸው ግድግዳ ላይ ያለ ነገር ሲሰነጠቅ የሚደረገው አንድ ነው፤ ይደፈናል።

አለቃው ከሰዓት በኋላ በደጀ ሰላሙ ካህናቱን ሰበሰቡ። እኔ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ያየሁትን ባየሁት ልክ ተናገርኩ። ጀሶው ከፋሲካ ወዲህ ደጋግሞ ተሰንጥቋል፤ ስለዚህ ግድግዳው ይሄዳል፤ ዝናብ ገብቷል፤ ከነገ ወዲያ ሰው ይሞላል። ቄሰ ገበዙ ነገሩ ሲገባቸው ተቆጡ።

«እኛ ዘንድ በአራት ወር ዳዊት የሚደግም የለም» አሉ። «አንቺ በአራት ወር ግድግዳ መድገም ጀመርሽ?»

አንዳንዶቹ ሳቁ። ሳቁ ከእሳቸው ጋር ነበር። አለቃው እስኪበርድ ጠበቁና ወደ እኔ ዞሩ።

«ይወድቃል?»

«አላውቅም አባ።»

«የሚወድቅ ከሆነስ፣ መቼ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ የምታውቂው ምንድን ነው?»

«እየሄደ እንደሆነ ነው።»

ይወድቃል ብል ያላረጋገጥኩትን መናገር ይሆናል፤ አይወድቅም ብል ደግሞ ያው ነው። በውስጤ ግን አንድ ነገር ብቻ ይመላለስብኝ ነበር፤ ከነገ ወዲያ ማይክሮፎን ይዤ፣ ከዚህ ቅጽር ውጪ ተቀምጦ ከሚያለቅስ ሰው ፊት ቆሜ፣ «ተሰንጥቆ ነበር እኮ» ሲለኝ ታየኝ። ያ ሰው ደግሞ እኔን ያውቀኛል።

አጎቴ ተነሣ። ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም።

«በየሰንበቱ ጉብታው ላይ እየወጣሁ ሙሉ ነው ብያታለሁ» አለ። «ሙሉ አልነበረም። ሳላውቅ ነው የተናገርኩት። አሁን ካወቅሁ በኋላ ግን ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ግቡ፣ ሙሉ ነው ልል አልችልም።»

ዝናቡ በደጀ ሰላሙ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይሰማል። አለቃው መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። ከዚያ ወሰኑ። ሰው አይገባም። ማኅሌቱ በዳሱ ይቆማል። በንግሡ ዕለት ታቦቱ ይወጣል፤ ወደ መቅደሱ ግን አይመለስም። ዕቃ ቤቱ ተጠርጎ መቃኞ ይሆናል፤ ማለትም ቤቱ እስኪታደስ ታቦቱ የሚያርፍበት ጊዜያዊ ቤተ ክርስቲያን። ነገሩ ለወረዳው ቤተ ክህነት ይነገራል። ቄሰ ገበዙ አልተከራከሩም። ተነሥተው ዕቃ ቤቱን ሊጠርጉ ሄዱ። ያን ያህል ሲያዘግሙ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

የቀረው ነገር ታቦቱን ማውጣት ነበር፤ ለማውጣት ደግሞ መግባት ግድ ነው። ታቦቱን የሚያከብረው፣ በራሱ ላይ ተሸክሞ የሚወጣው አጎቴ ነው። በንግሡ ጠዋት ልብሰ ተክህኖውን ሊለብስ ሲሄድ መንገድ ላይ ጠብቄ፣ እንዲፈጥን ለመንኩት።

«ታቦት በጥድፊያ አይነሣም ልጄ» አለኝ።

ከጥቂት ካህናትና ዲያቆናት ጋር ገባ። ሕዝቡ ዐጸዱን ሞልቶ፣ ጃንጥላ ለጃንጥላ ተጋጥሞ፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ቆመ። እኔ ከበሩ አልራቅሁም። ከበሮው ግድግዳውን እንዳይነቀንቀው መቺዎቹን ራቅ ብለው ከዛፎቹ ሥር እንዲቆሙ ለምኛቸው እሺ ብለውኝ ነበር። ከውስጥ የጸሎት ድምፅ ይሰማል፤ ዝቅ ይላል፤ ይጠፋል፤ እንደገና ይነሣል። ጠፍቶ በቆየ ቁጥር ጆሮዬ ሌላ ድምፅ ይጠብቃል። አጠገቤ ያለች ሴት ልጇን አዝላ «ምነው ዘንድሮ ዘገዩ» አለች። አልዘገዩም። እንደ ሁልጊዜው ነበር። በየዓመቱ ይህን ያህል ጊዜ ይወስድ እንደነበር ያስተዋልኩት ያን ቀን ነው።

አጎቴ ታቦቱን በራሱ ላይ አድርጎ፣ በግምጃ ተሸፍኖ ሲወጣ እልልታው ዐጸዱን አናጋው። ከበሮ መቺዎቹም ቃላቸውን ረሱ። ሕዝቡ ተከትሎ ዙሪያውን መሄድ ጀመረ። ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ተንበረከክሁ። ሁሉም ወጥቷል ብዬ ነበር።

ቀና ስል ቄሰ ገበዙ መሰላል ይዘው ወደ ውስጥ ሲመለሱ አየኋቸው።

ተከትዬ ገባሁ። ቅድስቱ ባዶ ነው። የእልልታው ድምፅ በግድግዳው ዙሪያ እየዞረ ይሄዳል። ቄሰ ገበዙ የመቅደሱን መጋረጃ ፈትተው አጣጥፈው ከደጁ አስቀምጠዋል፤ እሳቸው ውስጥ ናቸው። መሰላሉ ላይ ወጥተው ማእዘኑ ላይ የተሰቀለውን የጨርቅ ሥዕል ከምስማሩ እየነቀሉ ነው።

«ይውጡ አባ» አልኳቸው። «እባክዎ።»

«ይህን ለዝናብ ትቼ አልሄድም።»

ጨርቁ ወረደ። ከጀርባው ያለው ሲገለጥ ከመሰላሉ ቀስ ብለው ወረዱ።

«ነይ እዪው» አሉኝ። «ታቦቱ ወጥቷል። ከደፉ ሳታልፊ እዪው።»

ደፉ ላይ ቆሜ አየሁ። ግድግዳው ሆድ አውጥቷል። ድንጋዮቹ አንዱ ካንዱ ተላቅቀው ወደ ውስጥ ተገፍተዋል፤ በመካከላቸው የነበረው ጭቃ ረግፎ ባዶ ሆኗል። እኛ ጀሶ የለጠፍነው ከሥዕሉ ጠርዝ አጠገብ ጠባቡ ቦታ ላይ ነበር። አጎቴ በየሳምንቱ ገብቶ ያየው እንዲያይ የነገርኩትን ጀሶ ነው፤ ሥዕሉን ግልጥ አድርገህ እይ ያለው ሰው የለም። ይህን በምጽፍበት ጊዜ ማእዘኑ እንደቆመ ነው፤ ቆርቆሮውን አንሥተው ከላይ ወደ ታች ሊያፈርሱት ክረምቱ እስኪወጣ እየጠበቁ ነው። በዚያች ሰዓት ግን የሚቀጥለውን እልልታ የሚችል አልመሰለኝም።

ቄሰ ገበዙ ሥዕሉን ማጠፍ ጀመሩ። ትልቅ ነው፤ ለአንድ ሰው አይመችም።

«እንዲሁ ጠቅልለው ይዘውት ይውጡ» አልኩ።

«ሥዕል አይጨማደድም። ያዥልኝ።»

ሁለቱን ጫፍ ዘረጉልኝ። ከደፉ ወዲህ ሆኜ ያዝኩት፤ እሳቸው ከደፉ ወዲያ። ለሌላው ሁሉ አትቁሙ ካልኩት ግድግዳ ሥር ቆሜ ጨርቅ አጠፍኩ። ወደ እኔ ይመጣሉ፣ ጫፍ ከጫፍ እናገጥማለን፣ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። እንደገና ይመጣሉ። ከማእዘኑ ጥቂት አፈር እንደ ዱቄት ወረደና ትከሻቸው ላይ አረፈ። ሁለታችንም አየነው። እሳቸው ግን የመጨረሻውን እጥፋት በመዳፋቸው አስተካከሉ፤ ሳሙት፤ ብብታቸው ሥር አደረጉት። ከዚያ በኋላ ነው ደፉን የተሻገሩት።

ወጣን። በሩን ቆለፉ፤ ቁልፉን ደጋግመው ሳቡት። ዝናቡ እየበረታ ነበር። ታቦቱ ዙሩን ጨርሶ ወደ ዕቃ ቤቱ ሲያመራ ሕዝቡ በፊታችን ያልፋል፤ አጎቴን ከጃንጥላዎቹ መካከል ለየሁት፤ እግሩ ጭቃው ውስጥ በዝግታ ይነሣል። ቄሰ ገበዙ ትከሻቸው ላይ ያለውን አፈር ሳያራግፉ ወደ እኔ ዘወር አሉ።

«ንግሥ ነው እኮ» አሉኝ። «እልል በዪ እንጂ።»

አፌን ከፈትኩ። ግድግዳውን አየሁና መልሼ ዘጋሁት።